ድሪቶ ሲሽቀረቀር

በሚያዝያ ገዳሪፍ ላይ ሙቀቱ 40 ዲግሪን አልፎ ሲወጣ፣ ውሻው የቆመ መኪና ሥር ሲገባ፣ ባለሱቁም በሩን ገርበብ አድርጎ ሸለብ ሲያደርገው፣ ስድስት ሰባት ሴቶች ራኩባ ሥር ክብ ሠርተው ብርድ ልብስ ይሰፋሉ። ራኩባ በቋሚ እንጨት ላይ ሣር ወይም ሸራ የተጣለበት፣ አገር ቤት ዳስ የሚባለው ነው። በአጠገባቸው የሚያልፍ ሰው ቆም ይልና አንዴ ጨርቁን፣ አንዴ ፀሐዩን ያያል። «የደላው ሙቅ ያኝካል» የሚለው ተረት ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። ሴቶቹ ግን ይህን አስተያየት ለምደውታል፤ ቀናም አይሉለት። ቀና ያለች መርፌ ይወጋታል።

መልሱ አንገሬብ ነው። አንገሬብ በምሥራቅ ሱዳን ቤቶች የማይጠፋ፣ አራት እግር ያለው፣ መሐሉ በገመድ ወይም በጠፍር የተጠለፈ የእንጨት አልጋ ነው። ከሥር አየር ስለሚያስገባ ለሙቀት አገር ወደር የለውም። ክፋቱ፣ ባዶውን የተኛበት ሰው ጠዋት የሚነሣው የገመዱን ካርታ ጀርባው ላይ ይዞ ነው። በሰውና በገመድ መካከል አንድ ገላጋይ መግባት አለበት። ስፖንጅ ፍራሽ ይሞቃል፤ ዋጋውም አይቀመስም። ከእራፊ የተቀጣጠለ፣ ሁለትና ሦስት ድርብ የሆነ ጨርቅ ግን ላብ ይመጥጣል፣ ይታጠባል፣ በግማሽ ቀን ይደርቃል። ሱዳኖቹ ለሃፍ ይሉታል፤ ከመተማ ማዶ የመጡት ደግሞ ድሪቶ። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ሲል ከሥር ተነሥቶ ከላይ ይደረባል። በቀረው ጊዜ የበር መጋረጃ፣ የሕፃን ማዘያ፣ ቡና ሲፈላም የእንግዳ መቀመጫ ነው።

ጨርቁ የሚገኘው ከልብስ ሰፊ እግር ሥር ነው። ገዳሪፍ የሰሊጥና የማሽላ ከተማ ናት። የሰሊጥ ጨረታዋ በመላው ሱዳን የታወቀ ነው፤ በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተሠራው የእህል ጎተራዋም ከሩቅ ይታያል። አዝመራ ሲሸጥ ገንዘብ ይገባል፤ ገንዘብ ሲገባ ልብስ ይሰፋል፤ ልብስ ሲሰፋ እራፊ ይወድቃል። ተርዚ የሚባሉት ሰፊዎች የእግር መኪናቸውን በሱቆች በረንዳ ላይ ደርድረው ሲቆርጡ ይውላሉ። ከጀላቢያ ነጭ ፖፕሊን፣ ከተማሪ ዩኒፎርም ቴትሮን፣ ከመጋረጃ አበባ ያለበት ቁራጭ ይተርፋል። ማታ ሲጠረግ ቀድማ የደረሰች በነፃ ትወስዳለች። ሰፊው ሰው እንደሚሻማበት ያወቀ ዕለት ግን ነገር ይበላሻል፤ ትናንት ቆሻሻ የነበረው ዛሬ ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ዋጋ ይጠራበታል። «ምን ሆነሻል እህቴ፣ ይሄ እኮ የውጭ ጨርቅ ነው» ይላል፤ ትናንት ሊያቃጥለው ክብሪት የለመነው እሱ ራሱ ነው።

የቶብ እራፊ ብርቅ ነው። የሱዳን ሴቶች የሚጎናጸፉት ቶብ 4 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው አንድ ወጥ ጨርቅ ነው፤ አይቆረጥም፣ በልክ አይሰፋም፣ ስለዚህ ቁራጭ አይተርፈውም። ድሪቶ ላይ የቶብ ቁራጭ ከታየ ወይ ከሰል አቃጥሎታል፣ ወይ ምስማር ቀዶታል፣ ወይ ባለቤቲቱ በሰጣት ሰው ተናዳለች። ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ ማለፍ ነውር ነው፤ ተጠይቆ ሲነገር ደግሞ ሁለት ቡና ይጠጣበታል።

ጨርቅ ሁሉ የየራሱ ጠባይ አለው። ፖፕሊን ታዛዥ ነው፤ በጥፍር ቢያጥፉት መስመሩን ይዞ ይቀራል። ስሱ ቶብ ከመርፌ ይሸሻል። ከጎንደር በኩል የሚመጣው ሸማ ድሩ ልል ስለሆነ ጠርዙ ይተረተራል፤ ሳይዘመዘም የተሰፋ እንደሆነ በወሩ ባዶ ቀዳዳ ይሆናል። ጂንስ መርፌ ይሰብራል። ዋናው ጠላት ግን ውሃ ነው። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ቴትሮን አይሰበሰብም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተሰፍተው ቢታጠቡ አንዱ አንዱን እየጎተተ ድሪቶው ሁሉ ይጨማደዳል። ብልኋ ሴት ስለዚህ እራፊውን ገና ሳትቆርጠው አጥባ ታሰጣዋለች። ያልገባው ጎረቤት ግቢዋን አይቶ፣ ይህች ሴት ምን ያህል ልጅ ቢኖራት ነው፣ ለዚያውም እንዲህ ትንንሽ ልብስ የሚለብሱ፣ ብሎ ይገረማል።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ሲነገር። ከሻይ ወይም ከሳሙና ካርቶን ላይ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ካሬ ይቆረጣል። እሱ መለኪያ ነው። ጨርቁ ላይ ተጥሎ ዙሪያው በሳሙና ስባሪ ይሠመርና ይቆረጣል። አምስት ደማቅ፣ አራት ፈዛዛ ቁራጭ ይመረጣል። ደማቁ በአራቱ ማዕዘንና በመሐል፣ ፈዛዛው በመካከላቸው ሆኖ ሦስት ሦስት እየተደረገ በሦስት ረድፍ ይሰፋል። ባለ ዘጠኝ ይሉታል። በየጎኑ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ስፌቱ ስለሚገባ 10 የነበረው ቁራጭ 9 ይሆናል፤ ባለ ዘጠኙም ከጎረቤቶቹ ጋር ሲጋጠም 27 በ27 ይይዛል። ለአንድ ሰው አልጋ በወርድ 5፣ በቁመት 7፣ በድምሩ 35 ባለ ዘጠኝ ይበቃል። ይህም 1 ሜትር ከ35 በ1 ሜትር ከ89 መሆኑ ነው። ቁራጩ ሲቆጠር 315 ይመጣል። አንዲት ሴት ብቻዋን ልጨርሰው ብትል፣ የተሰፋለት ሕፃን ሳያልቅለት ጢም ያወጣል። ለሰባት ሲካፈል ግን ለእያንዳንዷ አምስት አምስት ነው የሚደርሳት፤ ማኅበሩ የሚመሠረተውም በዚህ ሒሳብ ነው።

ጣጣው እዚህ ላይ ይጀምራል። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ለአንዷ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለሌላዋ ደግሞ «ይህችን ታህል» ነው። በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር አስበልጣ የያዘች ሴት፣ ሁለት ስፌት ባለው አንድ ረድፍ ላይ 8 ሚሊ ሜትር ታጎድላለች። ሁሉም በየቤቷ ስትሰፋ ይህ አይታወቅም። ጉዱ የሚወጣው ሥራው ተሰብስቦ ምንጣፍ ላይ ጎን ለጎን ሲደረደር ነው። የአንዷ ማዕዘን የሌላዋን ማዕዘን አላውቅህም ይላል።

በዚህ ሰዓት የሚታየው ጨዋነት ለአምባሳደር ሥልጠና ይሆናል። «ያንቺ አነሰ» የሚል ቃል ከማንም አይወጣም። «ጨርቁ ታጥቦ አልነበረም መሰል» ትላለች አንዷ። «ካርቶኑ ነው እንጂ! ይኸው ጫፉ ተበልቷል» ትላለች ሁለተኛዋ፣ ምንም ያልተበላ ካርቶን እያሳየች። ጥፋተኛዋ ራሷ የገዛ ሥራዋን አንሥታ በብርሃን እያገላበጠች «የማን ነው ይሄ እቴ? እኔ መቼም መለኪያዬ አይዛነፍም» ትላለች። በዕድሜ የገፉት ሱዳናዊት ሃጃ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ጨርቁን ይቀበላሉ፤ ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጃቸው ይዘው ሳብ፣ ሳብ ያደርጉታል። 8 ሚሊ ሜትሩ ይመጣል። እስከ እጥበት ድረስ።

ሲጀመር ሁሉም ትሑት ነው። «ለሥር ነው፤ ማን ያየዋል» ተብሎ ነው የሚቀመጠው። የመጀመሪያው ድሪቶ እውነትም የተገኘ ሁሉ የገባበት ነው። በሁለተኛው ላይ አንዷ ቀዩን ሁሉ መሐል መሐል ታደርጋለች። ጎረቤቷ አይታ ምንም አትልም፤ በማግሥቱ ግን አራቱንም ማዕዘን በሰማያዊ አስውባ ትመጣለች። በሦስተኛው ላይ ቡናማ እራፊ «ያጨልመዋል» ተብሎ ይጣላል፤ ለሥር መሆኑ ተረስቷል። በአራተኛው ሱቅ ተሂዶ አዲስ ጨርቅ በሜትር ይገዛና እራፊ እንዲመስል ይቆራረጣል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ድሪቶ አንገሬብ ላይ አይነጠፍም። ተጣጥፎ ሣጥን ይገባል፤ የተከበረ እንግዳ ሲመጣ ይወጣል። ባለቤቶቹ ገመድ ላይ ይተኛሉ።

አንድ ሰው ብቻውን ሲጥፍ የሚጥፈው ቀዳዳ ነው። ሁለት ሰው አብሮ ከጣፈ ግን ዓይን ይገባበታል፤ ዓይን ከገባ ውድድር አለ፤ ውድድር ባለበት ድሪቶ ድሪቶ ሆኖ አይቀርም። ይህን የገዳሪፍ ሴቶች ብቻ አመል ያደረገ ሰው ይሳሳታል። ከእነሱ የባሱ በዚሁ ምድር አልፈዋል፤ ያውም ጦር የታጠቁ ወንዶች።

ሱፊዎች ዓለምን መናቃቸውን ለማሳየት የተጣጣፈ ልብስ መልበስ የጀመሩት ከጥንት ነው። በእኛም አገር መናኝና ባሕታዊ ድሪቶ መደረቡ የታወቀ ነው። ዓለምን የናቀ ሰው ስለ ስፌት መስመር ይጨነቃል ተብሎ አይጠበቅም። ዳሩ ግን በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሊቅ ሁጅዊሪ «ከሽፍ አል-መህጁብ» በተባለው መጽሐፉ ለተጣፈ ልብስ አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ካነሣቸው ነገሮች አንዱም ስፌቱ ቀጥ ይበል ወይስ አይበል የሚለው ክርክር ነው። አንዱ ወገን መርፌው በወጣበት ይውጣ፣ ማሳመር ለደርቪሽ አይገባም ይላል። ሌላው ደግሞ ስፌቱ ቀጥና እኩል መሆን አለበት ባይ ነው። ከ900 ዓመት በላይ የሆነው ይህ ክርክር ራኩባው ሥር ዛሬም አልተቋጨም፤ ሃጃ ከሁለተኛው ወገን ናቸው።

በ1873 ዓ.ም. መሐመድ አህመድ አባ ደሴት ላይ መህዲ ነኝ ብሎ ሲነሣ፣ ተከታዮቹ የተጣፈ ጅባ እንዲለብሱ አደረገ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር። የጎሳ አለቃውም እረኛውም አንድ ዓይነት ድሪቶ ከለበሱ መበላለጥ ይቀራል። ጨርቁ ዳሙር የሚባለው በእጅ የተሸመነ የአገር ጥጥ ነበር። መህዲው በ1877 ዓ.ም. ኦምዱርማን ላይ ሲሞት ኸሊፋ አብዱላሂ ተተካ፤ ያን ጊዜ ጅባውም አብሮ ሥልጣን ያዘ። መጣፊያው ቀዳዳ ፍለጋ መዞሩን ተወና ግራና ቀኝ እኩል ሆኖ፣ አራት ማዕዘኑን ጠብቆ ተሰለፈ። የአለቆቹ ጅባ ከውጭ በመጣ ቀይና ሰማያዊ የሱፍ ጨርቅ ተጣፈ፤ ደረቱ ላይም ያጌጠ ኪስ በቀለበት። ምንም ያልተቀደደ አዲስ ልብስ ላይ መጣፊያ ተሰፋበት። የለባሹ ማዕረግ ከድሪቶው ማማር ይለይ ጀመር። ፈረስ ሳይቀር ጥጥ የተጠቀጠቀበት፣ በቀለም ቁራጭ የተዋበ ድሪቶ ለበሰ። መበላለጥን ያጠፋል የተባለው ልብስ የሹመት ልብስ ሆኖ አረፈው።

መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ከኸሊፋው የጦር አዛዥ ከዘኪ ቱማል ጦር ጋር ሲገጥሙ፣ በአንዱ ወገን የመኳንንቱ ለምድና ጎፈር፣ በሌላው ወገን የድርቡሽ ጅባ ተያዩ። ንጉሠ ነገሥቱ ቆስለው በማረፋቸው ወደ ኢትዮጵያ ያጋደለው ድል ተገለበጠ። ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ ደግሞ የእንግሊዝና የግብፅ ጦር መጣ። ነሐሴ 1890 ዓ.ም. ኦምዱርማን፣ መስከረም 1891 ዓ.ም. ገዳሪፍ ተያዙ። ድል አድራጊዎቹ ጅባ ለማስታወሻ እየሰበሰቡ አገራቸው ወሰዱ። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየምና በሌሎች የእንግሊዝ ሙዚየሞች ውስጥ ይገኛል። ዓለምን ለመናቅ የተሰፋ ድሪቶ አሁን የሚነካው በጓንት ነው።

መርፌ የሴት ብቻ ነው የሚል ካለ ደግሞ ካይሮ ይሂድ። ከባብ ዙወይላ በር ማዶ ባለው የድንኳን ሠሪዎች መንገድ፣ ወንዶች በሱቃቸው ደፍ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው፣ ባለ ቀለም ቁራጭ በሸራ ላይ በእጃቸው ይሰፋሉ። ኸያሚያ የሚባለው ይህ ሥራ የሠርግና የለቅሶ ድንኳን ማስጌጫ ነበር። አሁን አሁን ግን በፋብሪካ የታተመ፣ የተሰፋ የሚያስመስል ሥዕል ያለበት ርካሽ ጨርቅ ገበያውን ይሻማቸዋል። ድሪቶን ለማስመሰል ፋብሪካ ተተከለ ማለት ነው።

ከቀይ ባሕር ማዶም ነገሩ ያው ነው። በሕንድ ካርናታካ የሚኖሩት ሲዲዎች፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከምሥራቅ አፍሪካ የተወሰዱ ሰዎች ዘሮች ናቸው። ሴቶቻቸው ከአሮጌ ልብስ ካዋንዲ የሚባል ድሪቶ ይሰፋሉ። ከአንዱ ጥግ ጀምረው ዙሪያውን እየዞሩ ወደ መሐል ይገባሉ። በአራቱም ጥግ ሦስት ማዕዘን ሆኖ የታጠፈ፣ ፉላ፣ ማለትም አበባ የሚሉት ቁራጭ ይደረግበታል። ፉላ የሌለው ካዋንዲ ራቁቱን እንደሆነ ይቆጠራል። ፉላው አያሞቅም፣ ቀዳዳም አይደፍንም። ጎረቤት ግን ያየዋል።

በአሜሪካ አላባማ፣ ወንዝ በሦስት ወገን የከበባት ጂስ ቤንድ የምትባል የጥቁሮች መንደር አለች። ሴቶቿ የባሎቻቸውን አሮጌ የእርሻ ሱሪ ቀድደው ድሪቶ ይሰፉ ነበር፤ ለብርድ እንጂ ለዝና አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአካባቢው የሴቶች የስፌት ማኅበር ተቋቋመ። በ1972 ማኅበሩ ሲርስ ለተባለው የሱቅ ኩባንያ የኮርደሮይ ትራስ ልብስ ሊሰፋ ተዋዋለ። የተረፈው ቁራጭ የት እንደሄደ ለመገመት ብዙ አያስቸግርም፤ ከዚያ በኋላ በመንደሯ የተሰፋው ድሪቶ የሲርስን ኮርደሮይ ይመስል ጀመር። የገዳሪፍ ተርዚ በረንዳ አላባማ ድረስ ይደርሳል ማለት ነው። በ2002 እነዚያ ድሪቶዎች በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም፣ ቀጥሎም በኒው ዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ፤ በ2006 ደግሞ የፖስታ ቴምብር ወጣላቸው። እዚያም ቢሆን «ማን ያየዋል» ተብሎ ነበር የተጀመረው።

ወደ ድንበሩ እንመለስ። መተማ ዮሐንስንና ገላባትን የሚለያቸው አንድ ትንሽ ወንዝና አጭር ድልድይ ነው። ከዚያ ገዳሪፍ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ሰሊጥ ሊያርሙና ሊያጭዱ የሚሄዱ የቀን ሠራተኞች ጉልበቱ የተጣፈ ሱሪ ለብሰው በዚህ ይሻገራሉ፤ ሲመለሱ ለእናታቸው ቶብ፣ ለራሳቸው አዲስ ሱሪ ይዘው ነው። ሱሪውም በሚቀጥለው ክረምት ጉልበቱ ይጣፋል።

ሌላ ዓይነት መሻገርም አለ። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲነሣ ተከዜን በሐምዳይት በኩል ያቋረጡት ሰዎች ጨርቄን ማቄን ሳይሉ ነበር የወጡት። በጥቂት ወራት ከ60 ሺህ በላይ ሰው ምሥራቅ ሱዳን ገባ። በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያንን አስጠልሎ የነበረው ኡም ራኩባ ሰፈር እንደገና ተከፈተ፤ ቱናይድባ ተጨመረ። ጨርቄን ሳይል የወጣ ሰው ድንኳን ውስጥ ሲቀመጥ ያለ ጨርቅ ሌላ ነገር አይታየውም። ለሕፃኑ መጠቅለያ፣ ለአራሷ መከለያ፣ ለመሬቱ ምንጣፍ ያስፈልጋል። የእርዳታ ዱቄት ከረጢት ተፈትቶ፣ ጽሑፉ እስኪለቅ ታጥቦ ገበር ይሆናል። አልለቅ ያለው ፊደል ወደ ውስጥ ይዞራል። እዚህም ቢሆን ቁራጭ ሲደረደር «ሰማያዊው በዚህ ቢሆን አያምርም?» የምትል አትጠፋም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ መንገዱ ተገለበጠ። ቶብ የተጎናጸፉ ሴቶች ሻንጣቸውን እየጎተቱ ድልድዩን ወደ መተማ ተሻገሩ። ብዙዎቹ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብቶ ባለው ኩመር በተባለ መጠለያ ሰፈሩ። ሌሎች ደግሞ ከካርቱምና ከገዚራ ሸሽተው ገዳሪፍ ደረሱ፤ ራኩባው ሥር ያለው ክብም ሰፋ። ከሰው ጋር እራፊም መጣ። እራፊ ፓስፖርት አይጠየቅም፤ የጎንደር ጥለት ከኦምዱርማን ቶብ ጎን የሚሰፋው ማንም ሳይፈርምበት ነው።

መግባባቱ አያስቸግርም። ለመርፌ፣ ለክርና ለመቀስ የሚሆን ዓረብኛ በሁለት ቀን ይለመዳል፤ የቀረውን ጣት ይናገረዋል። የማያግባባው ቡናው ነው። ሱዳኖቹ ዝንጅብል ይጨምሩበታል፤ አገር ቤት ያደጉት ደግሞ «ቡናው ምን በደለ?» ባይ ናቸው። እንደ ስምምነት ሆኖ አቦሉ ያለ ዝንጅብል፣ ቶናው በዝንጅብል ይፈላል። በረካው የማንም አይደለም፤ ሁሉም እያማረረ ይጠጣዋል።

ጨዋታው የሚደምቀው ግን በመጨረሻው ሥራ ላይ ነው። ባለ ዘጠኞቹ ተጋጥመው አንድ ገበታ ከሆኑ በኋላ፣ ሥሩ አቡጀዲ፣ መሐሉ የነተበ ጋቢ ይደረግና ሦስቱ ድርብ እንዳይንሸራተት በተራ ስፌት፣ መርፌው ገባ ወጣ እያለ ከዳር እስከ ዳር ይያዛል። ሰባቱም በየወገናቸው ጠርዙን ጭናቸው ላይ ስበው ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ መነሣት የለም። አንዷ ከተነሣች ጨርቁ ይላላል፤ ከዚህም በላይ ግን የተነሣችው ራሷ ወሬ ትሆናለች። ስለዚህ ልጅ ቢያለቅስ በሩቁ ይባበላል፣ በር ቢንኳኳ «ግባ» ይባላል። የሰፈሩ ሠርግ፣ ፍቺ፣ ብድርና ዕርቅ ሁሉ በዚያ ቀን ይመረመራል። ለወሬው ልክ የስፌቱም ርቀት ይለያያል። ዋና ነገር ሲነሣ መርፌው ይዘገይና ስፌቱ ደቃቅ ይሆናል፤ ሳቅ በመጣበት ደግሞ ይረዝማል። ሃጃ የረዘመውን አይተው «ይሄ ምን ተወርቶ ነው?» ይላሉ።

ያለቀው ድሪቶ ለማን እንደሚደርስ የሚወሰነው እንደ እቁብ በዕጣ ነው። ዕጣው የሚወጣው ግን ሥራው ተቆጥሮ ሲሞላ ነው፤ ቆጠራው ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ልክ መጥቶ አያውቅም። ለሰባት ሴት አምስት አምስት 35 ይሆናል ተብሎ የተጀመረው 37 ሆኖ ይገኛል። ሁለቱ ከድርሻቸው በላይ አንድ አንድ ሰፍተዋል፤ ለዚያውም ከሁሉ ያማረውን። «በቃ ያነሰው ይውጣ» ይባላል። ያነሰው የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ባለቤቱ ግን «እውነት ነው፣ ያነሰው ይውጣ» እያለች ቀድማ የምትደግፈው እሷ ናት። ግን ማን ያውጣው? ያንን ያወጣች ሴት በሚቀጥለው ሳምንት ቡና አይጠጣላትም። ስለዚህ አንድም አይወጣም። በወርድ አንድ ረድፍ ይጨመርና 6 በ7፣ 42 ይሁን ተብሎ ይወሰናል፤ ለጎደለው አምስትም አምስት ሴቶች በአንድ ጊዜ እጃቸውን ያወጣሉ። ሃጃ በጣታቸው ስንዝር እየለኩ፣ ድሪቶው 1 ሜትር ከ62 ወርድ ሊኖረው እንደሆነና አንገሬቡ የዚያን ሁለት እጅ እንኳ እንደማይሆን ያስረዳሉ። ጥቂት ጸጥታ ይሆናል። ከዚያ አንዷ የሰፈሩ አናጺ ለትልቅ አንገሬብ ስንት እንደሚያስከፍል ትጠይቃለች፤ ሌላዋ የአናጺውን ሚስት አውቃታለሁ፣ ትቀንስልናለች ትላለች፤ ወሬው ወደ አናጺው ሚስት ያልፋል።